ኖራ የተቀባችው ሁመር

የሻረግ ሁመሯን አልተከለቻትም፤ ቆማ ነው ያገኘቻት። ያም ሆኖ ከመተማ ምሽግ በታች፣ ከደረቁ ወንዝ ዳር ጎጆ የቀለሰችው ለዚያች ዛፍ ስትል ነበር። ባሏን ንዳድ ሲበላባት ዘመዶቿ «ወደ ደጋ ተመለሽ፣ ቆላ ለብቻ ሴት አይሆንም» ቢሏት «ዛፌን ለማን ጥዬ?» ብላ ቀረች። በበጋ ፍሬዋን ታራግፋለች፣ ከነኮምጣጣነቱ ጠፍጥፋ ታደርቃለች፣ «ዐረዴብ» እያሉ ለሚፈልጉት የሱዳን ነጋዴዎች ትሸጣለች። ጨው ከዚያ፣ ቀሚስ ከዚያ። የማንንም እጅ አታይም። የሰው እጅ የማታይ ሴት ደግሞ ምላሷ አይታጠፍም፤ የሻረግ ሲቆጧት የምትመልስ፣ ሲመክሯት የምትስቅ ሴት ነበረች።

የዛፏ ግንድ በየሻረግ ግቢ ነው። ትልቁ ቅርንጫፍ ግን ወደ ፀሐይ መግቢያ እንደ ክንድ ተዘርግቶ፣ አጥሩን ተሻግሮ፣ በጎረቤቷ በፈረደ የማሽላ ማሳ ላይ ያንዣብባል። ጠቡም የመጣው ከዚያ ነው። ማሽላው ፍሬ መያዝ ሲጀምር የግሪሳ ወፍ እንደ ጥቁር ደመና ይመጣና ያን ቅርንጫፍ ይሞላዋል። ይወርዳል፣ ይበላል፣ ተመልሶ ይወጣል። ፈረደ ከማማው ላይ ወንጭፉን ቢያጮኸው፣ ጣሳ ቢደበድብ፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ ቢጮኽ ወፉ ሩቅ አይሄድም። ቅርንጫፉ ላይ ይሰፍርና ቁልቁል ያየዋል። ሰውዬው እስኪደክመው ይጠብቃል።

ፈረደ አባቱ ከጎጃም የወረደ፣ ንግግር የሚከብደው፣ ትከሻ ብቻ የሆነ ገበሬ ነው። ሚስቱን፣ ልጆቹንና አሮጊት እናቱን እማማ ጸዳለን የሚያኖረው በዚያች ማሳ ነበር። አጥሩ ጋ መጥቶ ቆብ ያወልቅና ይለምናታል።

«እትዬ የሻረግ፣ ያችን አንዷን ቅርንጫፍ ይፍቀዱልኝ። ግንዱን አልነካም። ልጆቼ ዘንድሮም ቅጠል ሊቀቅሉ ነው።»

«ከዛፌ ሥር ዝራ ያለህ ማነው? ዛፏ እዚህ ስትቆም አያትህ ገና ጎጃም ነበሩ።»

«ወፉ እርስዎ ቅርንጫፍ ላይ ነው የሚሰፍር።»

«እንግዲያ ወፉን ክሰሰው!»

ሽማግሌ ገባ። ሽማግሌውም «ግንዱ ያለበት ባለቤት ነው፤ ካልፈቀደች አይቆረጥም» አለ። የሻረግ ረታች። ፈረደ በዚያ ዓመት ከማሳው ያገባው አገዳ ብቻ ነበር።

ጣሊያን መተማን በያዘ በአምስተኛው ዓመት ከእንግሊዝ ጋር ተታኮሰ። ክረምቱን ወንዙን ተሻግሮ ጋላባትን ወሰደ፤ እንግሊዝም በሱዳን በኩል ጦሩን እየሰበሰበ ያደፍጥ ጀመር። ከዚያ ወዲህ የምሽጉ ሰዎች የሚንቀሳቀስ ሁሉ ጠላት መሰላቸው። ፍየል ሲያስነጥስ ይተኩሳሉ። አንድ ቀን አንድ መኮንን መነጽር በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ አንድ ባልዲ ኖራ አስይዞ ወደ የሻረግ ግቢ ወረደ። አስተርጓሚው የባንዳው አለቃ ሸጋው ነበር፤ የዚያው የመንደሩ ልጅ፣ ጫማ ከገባለት ወዲህ ሰው በስሙ የማይጠራ። መኮንኑ ዛፏን ዞሮ ዞሮ አየና ወታደሮቹ ግንዷን በኖራ ቀቡት፤ ነጭ መቀነት የታጠቀች መሰለች።

«ስሚ አንቺ» አላት ሸጋው። «መድፉ የሚነጣጠረው ይችን ዛፍና ያን ክንዷን እያዩ ነው። ቅጠል የበጠሰ ይሰቀላል። ተነግሮሻል።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይርድ ነበር። የሻረግ ግን ኮራች። አጥሩ ጋ ሄዳ፣ መንደሩ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ፦

«ፈረደ ሆይ! እንግዲህ ና ቁረጣ! ዛፌን መንግሥት ጠበቀልኝ!»

ፈረደ ወደ ማሳው ዞረ። እናቱ ግን፣ ዓይናቸው የደከመው እማማ ጸዳለ፣ ከደጃፋቸው ቁጭ እንዳሉ አንገታቸውን አቀኑ።

«የሻረግ፣ የማን መንግሥት?»

የሻረግ፣ ያች ሲቆጧት የምትመልስ ሴት፣ ከአጥሩ ዞራ ቤቷ ገባች።

ሳምንት አልሞላም፣ ከገበያው መሐል ሰው ተሰቀለ። ሽንፋ የሚኖር፣ ሰሊጥ ጭኖ የመጣ ሰው ነው። መጫኛው ቢበጠስበት መንገድ ዳር ያየውን የስልክ ሽቦ ቆርጦ ጭነቱን አሰረበት፤ በዚያው ሽቦ ሰቀሉት። የሻረግ ጨው ልትገዛ ሄዳ ነበር። ፊቱን አላየችም፣ እግሩን ግን አየች። ነፋስ ባይኖርም እግሩ በቀስታ ወደ እሷ ዞረ። ጨውዋን ሳትገዛ ተመለሰች። በመንገዷ ሁሉ የገዛ ድምጿ «ና ቁረጣ» እያለ ከኋላዋ ይከተላት ነበር። ለፈረደ «እባክህ እንዳትነካት» ልትለው አሰበች፤ አጥሩ ድረስም ሄደች። ኩራቷ አንቆ መለሳት። «አስጠነቀቀችኝ» ከሚል ሰው አፍ መግባት አልፈለገችም።

መስከረም መጣ። ማሽላው ነጭ ሆነ። ግሪሳውም መጣ።

አንድ ማለዳ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የምሽጉ የጭነት መኪኖች ሲነሡ ጩኸታቸው ሸለቆውን ሞላው። በጩኸቱ ሥር የሻረግ ሌላ ድምፅ ሰማች፤ ጥፍ፣ ጥፍ፣ ጥፍ። በሯን ከፈተች። ፈረደ ቅርንጫፉ መነሻ ላይ ተፈናጥጧል፤ የመጥረቢያውን ጀርባ በጨርቅ ጠቅልሎ በእንጨት ይመታዋል። ያ እንደ ክንድ የተዘረጋ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ፣ ተንቋቅቶ፣ ማሽላው ላይ ተኛ። ፈረደ ከእበት ጋር የለወሰውን ጭቃ ከቅል እያወጣ ነጩን ቁስል ይለቀልቀው ጀመር፤ ከሩቅ አሮጌ እንዲመስል ነው። ከዚያ ዞር ሲል አያት።

አፏን ከፈተች። ልትጮኽ ነበር። ግን ዛፍ ላይ ተቀምጦ ወደ ታች የተንጠለጠለውን የፈረደን እግር አየች። ባዶ እግር ነው፤ በቀስታ ይወዛወዛል።

አፏን ዘጋች። ቤቷ ገባች። በሩን ቀርቅራ መሬት ላይ ተቀመጠች።

መኮንኑ በመነጽሩ ሲያይ ዛፏ ክንድ የላትም። ያኔውኑ መንደሩን ሊያቃጥል ተነሥቶ ነበር ይባላል፤ ሸጋው ግን ሊታይ ፈልጎ «ለእኔ ተውልኝ፣ በአገሩ ወግ አወጣዋለሁ» አለው። የአገሩ ወግ አውጫጭኝ ነው። ወንጀለኛ ሲጠፋ አገር ሁሉ ይሰበሰባል፤ አንድ በአንድ ምሎ ያየውን የሰማውን ለሽማግሌ ይናገራል፤ ስም እስኪገኝ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። «ካልወጣ እኔ ራሴ እመርጣለሁ» ብሎ መኮንኑ ወደ ምሽጉ ተመልሶ ወጣ።

መንደሩን የከተቱት በእሾህ የታጠረ የከብት ዘሪባ ውስጥ ነበር። ጥላ የለም፣ ውኃ የለም። ዝንብ አለ። በሩ ላይ ባንዳ ቆሟል። ከመሐል ቄሱ መምሬ አገኘሁ መስቀላቸውን ይዘው፣ ነጋዴው ሐጅ ኸሊል ቁርኣናቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ሌሎችም ሽማግሎች አብረው ተቀምጠዋል። ሰው እየተነሣ ይምላል፤ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ይላል፤ ይቀመጣል። እውነታቸውን ነው፤ የየሻረግ በር ብቻ ነው ወደ ዛፏ የሚከፈት። ይህን ደግሞ ዘሪባው ውስጥ የማያውቅ የለም። ሰው ሁሉ ሲምል ዓይኑ የሚያርፈው እሷ ላይ ነበር።

የሻረግ የፈራችው ያን መስቀል ነው። መዋሸት ታውቃለች፤ ለነጋዴ ስንት ጊዜ ዋሽታለች። በመስቀል ምሎ የዋሸ ግን ዘሩ አይባረክም፣ ሬሳው አይፈርስም ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው፤ ደግሞም ታምናለች። መስቀሉን ከጨበጠች ያየችውን ትናገራለች። ከተናገረች ደግሞ ነገ ገበያው መሐል የሚዞረው እግር የማን እንደሆነ ታውቃለች። ፈረደ ከወዲያ፣ ከእናቱ ጎን ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

«ነይ አንቺ!» ሸጋው ጠራት። «ሽማግሎች፣ ነገሩን አናርዝመው። ወፍ የሚበላው የማንን ማሽላ ነው? የፈረደን። የሚጎድለን ያየ ሰው ብቻ ነው። ይህች አይታለች። መስቀሉን አስይዛችሁ አስምሏት።»

መምሬ አገኘሁ መስቀሉን አነሡ።

«ቆይማ» አሉ ሐጅ ኸሊል። ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «ይህች ሴት ከፈረደ ጋር ስንት ዘመን ተካስሳለች። ሽማግሌ ሆኜ የተቀመጥኩ እኔ ነኝ። ቂመኛ በቂመኛው ላይ አይመሰክርም፤ ይህ የአገሩ ወግ ነው። በወጉ አወጣዋለሁ ያልክ ደግሞ አንተ ነህ።»

የሻረግ ሐጁን አየቻቸው። እሳቸው ግን አላዩዋትም፤ ቁርኣኑን የጠቀለሉበትን ጨርቅ ያስተካክላሉ።

ሸጋው ፊቱ ጠቆረ፤ ወዲያው ግን ሳቀ።

«በጄ! ቂም ከሆነ ቂም ይፈታል። ይታረቁ! ቄስ አለ፣ መስቀል አለ። ታርቀው ሲያበቁ ትምላለች። ፈረደ! ድንጋይ ተሸከም!»

ፈረደ ተነሣ። የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን እንደሚያደርገው ድንጋይ ፈልጎ ማጅራቱ ላይ አስቀመጠ። ሰውዬው እርቁ የሚያድነው መስሎታል። ተጎንብሶ፣ አፈር አፈር እያየ፣ የሻረግ እግር ሥር መጥቶ ተንበረከከ። ድንጋዩ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እትዬ የሻረግ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ።»

መንደሩ እንደ ልማዱ «ማሪው! ማሪው!» አለ። የድንጋይ ልብ ያለው እንኳ በዚህ ጊዜ ድንጋዩን አንሥቶ «ተነሥ» ይላል። የሻረግ እጇ ራሱ ሊያነሣ ተንቀሳቀሰ። ያን እጇን በሌላው እጇ ያዘችው።

«አንተ የግሪሳ ዘመድ!» አለች። ድምጿ መጀመሪያ ቀጠነ፣ ቀጥሎ ወፈረ። «ይቅር በይኝ? ወፍ ያልጠበቀ ወንድ፣ ወንጭፍ የማያውቅ፣ ማሽላ ዘርቶ አገዳ የሚያጭድ! ድንጋዩን ተሸክመህ ኑር፤ ከራስህ ይሻልሃል!»

«ኧረ በእመቤታችን!» አለች አንዲት ሴት።

«እመቤታችንን ከዚህ ነገር አውጪያት!»

ፈረደ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ የነበረውን አይታ ልትወድቅ ነበር። «ልታስገድለኝ ነው» የሚል ነበር ዓይኑ።

ሸጋው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ፤ የሲጋራ ሽታው አፍንጫዋ ድረስ ገባ። «ሞኝ አትሁኚ። ጠላትሽ አይደለም? አንድ ቃል በይ፣ ነገ ይሰቀልልሻል።»

የሻረግ ለሽማግሎቹ እንዲሰማ አድርጋ መለሰች።

«የኔን ጠላት ጣሊያን አይሰቅልልኝም! ተሰቅሎ ሊያርፍብኝ? ቆሞ፣ በቁሙ፣ ማሽላው ሲበላ ሲያይ ማየት ነው የምሻው። ልጆቹ ሲያለቅሱበት መስማት ነው የምሻው። እርቅ አልሻም። ዛሬም አልሻ፣ ስሞትም አልሻ!»

ሰው አጉረመረመ። ከኋላ አንዱ ምራቁን ተፋ። መምሬ አገኘሁ ተነሥተው መጡ። እሳቸውም ፈርተዋል፤ የባንዳው ጠመንጃ ከበስተጀርባቸው ነው። መስቀሉን ግንባሯ ላይ ሊያሳርፉ ዘረጉት።

«የሻረግ፣ ልጄ፣ ስለዚህ መስቀል ታረቂ። እምቢ ካልሽ ከቁርባኑ፣ ከጠበሉ፣ ከክርስቲያን መቃብር ትለያለሽ። ሳስበው እኔም እፈራለሁ።»

መስቀሉ ናስ ነው፤ ፀሐይ መትታው ዓይን ይወጋል። የሻረግ ከልጅነቷ ጀምሮ የተዘረጋላትን መስቀል ሳትስም አልፋ አታውቅም። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። ሌላም ሄደች። አጥሩ ያዛት፤ እሾሁ መዳፏን ወጋው፤ ልትወድቅ ስለነበር እሾሁን ጨበጠችው።

«አልሳለምም» አለች። «ልለይ።»

ሐጅ ኸሊል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰምታችኋል። በሃይማኖቷ የመጣባትን እምቢ ብላ ቂሟን የመረጠች ሴት ናት። እንዲህ ያለ ሰው ቃሉ ቢይዝ ነገ እያንዳንዳችን በጠላታችን አፍ እንሰቀላለን። ቃሏ አይሰማም። እኔ ከዚህ ሌላ አልፈርድም።»

ሽማግሎቹ አንድ በአንድ «አይሰማም፣ አይሰማም» አሉ። ፈረደ አሁንም ድንጋዩን ተሸክሞ ተንበርክኳል። «አይሰማም» የሚለው ቃል ሲደጋገም ራሱን ቀስ ብሎ ወደ የሻረግ አዞረ፤ ከዚያ ቶሎ ብሎ መልሶ አቀረቀረ። ያኔ እንደገባው አወቀች። በገባው ጊዜ ደግሞ ፍርሃቷ በረታ፤ ፊቱ እንዳይናገርበት ፈራች።

ምሽት ሲሆን ሽማግሎቹ «አገሩ አላወቀም» ብለው ተነሡ። ምሽጉ ስጋ አጥሮት ነበርና መኮንኑ ሰው መምረጡን ትቶ የመንደሩን ከብት በቅጣት አስነዳ፤ የየሻረግም አንዲት ላም አብራ ሄደች። ዘሪባው ሲከፈት ሸጋው በሩ ላይ ጠበቃት።

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ከዚህ መንደር አልሄድም። ቂም ነው አላችሁ፤ ይሁን። ቂማችሁ የበረደ ቀን፣ ከፈረደ ጋር እሳት የተጫጫራችሁ ቀን፣ ቃልሽ ይያዛል። ያኔ መስቀሉንም ሽማግሌውንም እኔ አመጣለሁ።»

ከዚያ ወዲህ የሻረግ ኑሮ ይህ ሆነ። እሑድ ሴቶች ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ እሷ ከቅጥሩ ውጭ ትቆማለች። ውኃ ስትቀዳ ሌሎቹ እንስራቸውን ያነሣሉ። ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሣ መጀመሪያ የምታደርገው መንገዱን ማየት ነው፤ የሸጋው ሰው ካለ አጥሩ ጋ ሄዳ ትሳደባለች። ባይኖርም ትሳደባለች፤ የት እንደተደበቀ ማን ያውቃል? ሰውን በእውነት ሲጠሉ ስድብ ከምላስ ላይ በራሱ ይፈሳል። ያልጠሉትን መስደብ ግን ድንጋይ እንደ መሸከም ነው። አንዳንድ ቀን ከአልጋዋ ሳትነሣ «ዛሬ ደግሞ ምን ልበለው?» እያለች ታስባለች።

አንድ ጠዋት በሯ ላይ የተቆረጠ የማሽላ እሸት በአገዳ ታስሮ አገኘች። ቅርንጫፉ ስለሌለ በዚያ ዓመት ማሽላው ይዞ ነበር። ረኃብ ሆዷን ቆንጥጦት ሳለ እሸቱን ስታይ የመጣባት ደስታ አይደለም፤ ላብ ነው። ግራ ቀኝ አየች። ማን አይቶ ይሆን? እሸቱን አንሥታ በአጥሩ ላይ አሻግራ ወረወረችው።

«ጉድፍህን በበሬ አትጣል፣ አንተ የተረገምክ!»

አንዲት ዛላ እንኳ አላስቀረችም፤ በባዶ ሆዷ ዋለች።

የሚመልሱላት እማማ ጸዳለ ብቻ ነበሩ። አሮጊቷ አጥሩን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንድ ቀን የሻረግ ተሳድባ ስትጨርስ፣ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል፣ ለጉንዳን እንደሚናገር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«የሻረግ።»

«ዝም ይበሉ እማማ፣ ስለ ወላዲት አምላክ።»

«የዛሬው ስድብ የትናንቱ ነው። ደገምሽው።»

«ምን ላድርግ? አለቀብኝ።»

«የፈረደ አባት አንካሳ ነበር። እሱን አላነሣሽም እኮ።»

«ሙት ልስደብ?»

«ስደቢው ልጄ። እሱ ሞቶ ቂም የለውም። ልጁ ግን በሕይወት አለ።» አሮጊቷ ጆሯቸውን ወደ አጥሩ አስጠጉ። «በርቺ። ጮኽ አድርጊው፤ ጆሮዬ ደክሟል።»

የሻረግ የአንካሳውን አባት ጀመረች። እየጮኸች አንድ ዓይኗ ሳቀ፣ አንድ ዓይኗ አለቀሰ፤ ሁለቱንም በነጠላዋ ጠረገች።

ጥቅምት ሲገባ እማማ ጸዳለን ንዳድ ያዛቸው። ቀኑን ይንቀጠቀጣሉ፣ ይቃዣሉ። የሻረግ በአጥሩ በኩል ሰማቻቸው። የንዳድ ቅጠል ታውቃለች፤ ባሏን ሳታድን ብትቀርም ስንቱን አድናበታለች፤ ቅጠሉም ከቤቷ ጣሪያ ሥር ታስሮ ነበር። አወረደችው። ይዛው እስከ በሩ ሄደች። ኖራ ከተቀባችው ዛፍ ሥር፣ ግንዷን ተደግፎ፣ የሸጋው ሰው ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ቅጠሉን መልሳ ሰቀለችው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከወዲያ ጩኸት ተነሣ። አንዱ ጩኸት የፈረደ ሚስት ነው፤ ሌላው የልጆቹ፤ ሦስተኛው፣ ያ ወፍራሙ፣ እንደ በሬ የሚያጓራው፣ የፈረደ። እማማ ጸዳለ አለፉ።

መንደሩ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ጎረፈ። ቂም ቢኖር፣ ደም ቢኖር እንኳ ሰው ለቅሶ ይደርሳል። የጎረቤቱን ለቅሶ የማይደርስ ማን ነው? የጣሊያን ውሻ እንኳ አፍንጫውን ያስገባል። ሸጋው ራሱ መጥቶ ነበር፤ ለማልቀስ አይደለም። ከሁመሯ ሥር ቆመና የየሻረግን በር ያይ ጀመር። ዛሬ ትወጣለች ብሎ ነው። ሞት የማያስታርቀው የለም፤ እሷ ደግሞ ሴት ናት፣ አንጀት አላት፤ ትወጣለች፣ ሬሳው ላይ ትወድቃለች፣ ፈረደ ያነሣታል፤ ያኔ በሰው ሁሉ ፊት ታርቀዋል ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሻረግ በበሯ ስንጥቅ እያየችው ከፊቱ ላይ አነበበችው።

የሐጅ ኸሊል ሚስት ኩብራ በበሯ ስታልፍ ቆመች።

«የሻረግ! ሞት እኮ ነው! ነይ እንሂድ፣ ይህ እንኳ ይብቃሽ!»

«ሂጂ ከበሬ!» አለቻት ከውስጥ። «ሞታቸውን ይሙቱ! እኔ ሥራ አለኝ!»

ኩብራ እጇን አፏ ላይ ጭና ሄደች።

ምን ሥራ? የሻረግ ቤቷን ዞራ አየች። ወጥታ እንዳትሮጥ ራሷን በምን እንደምታስር አጣች። ወፍጮዋን አየች። ጎረቤት ሬሳ ሳለ ወፍጮ አይፈጭም፤ ሙቀጫ አይወቀጥም። በሬሳ ላይ መፍጨት እማማ ጸዳለን በጥፊ መምታት ነው፤ ከዚያ የከፋ ስድብ በቆላውም በደጋውም የለም። ከቅል ውስጥ የቀረቻትን ጭብጥ ማሽላ ወፍጮው ላይ አፈሰሰች። መጁን ያዘች። ተንበረከከች።

መጀመሪያ ድምፁ አልወጣም፤ አቅም የላትም። ከዚያ ድንጋዩ ድንጋዩን ያዘው፤ ገርር፣ ገርር፣ ገርር። በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ከፈተችው፣ እንዲሰማ።

ከወዲያ ለቅሶው ቀጥ አለ። ከዚያ የሴቶች እርግማን መጣ፤ «እጅሽ ይሰበር!»፣ «መሬት አትብላሽ!»፣ «እባብ!» የወንዶች ኮቴ ወደ አጥሩ ሲሮጥ ሰማች፤ አንዱ አጥሩን ነቀነቀው፤ «ወፍጮዋን ራሷ ላይ ነው የምሰብርላት!» የሚል የጎረምሳ ድምፅ መጣ። የሻረግ ዓይኗን ጨፈነች። ይግቡ፤ ይስበሩት። ይህንንም ሸጋው ይይ።

ያኔ የፈረደ ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጣ። ለቅሶ የሰበረው፣ የሰለለ ድምፅ ነው።

«ተዉአት!» አለ። «ማንም እንዳይነካት! ተዉአት፣ ትፍጭ!»

ኮቴው ቆመ። ሰው ሁሉ ቁጣ መሰለው። ከሁመሯ ሥር ሸጋው መሬቱን ረግጦ ፊቱን ወደ ምሽጉ ሲያዞር በበሩ ታየ። ሄደ አልሄደ ግን አላረጋገጠችም፤ ዓይኗ ምንም አያይላትም ነበር። እንባዋ መጁ ላይ፣ ከመጁ ዱቄቱ ላይ ይወርዳል፤ ማሽላው አልቆ ድንጋይ ድንጋይን ይበላል።

የሻረግ አላቆመችም። ሬሳው ከቤት እስኪወጣ ፈጨች።